ሽንኩርት የማይበሰብስበት ሦስተኛው ጨዋታ

ማተሚያ ቤት በገባሁበት ቀን ፎርማኑ ጋሽ በቀለ ስሜን ከእርሳስ ብረት በተሠሩ ፊደላት እንድለቅም አዘዙኝ። የፊደሉ ሳጥን ከእኔ ቁመት ይበልጣል፤ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ጎጆ አለው፤ ሁሉም በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦ የተቀረጸ ነው። ግማሽ ሰዓት ፈልጌ ሦስት ፊደል ደረደርኩና ሰጠኋቸው። ቀለም ቀብተው ወረቀት ላይ ሲጫኑት «ለዳጸ» የሚል ወጣ።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ለዳጸ» አሉኝ፣ ፊታቸው ሳይፈታ። ስሜ ጸዳለ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ግን በዚያ ስም ጠሩኝ።

ያኔ አዳማ ናዝሬት ነበር የምትባለው። ማተሚያ ቤታችን የሠርግ ጥሪ፣ የደረሰኝ ጥራዝ፣ የፈተና ወረቀትና የለቅሶ ማስታወቂያ ያትም ነበር። የሥራው ማዕረግ አራት ነው፤ ተለማማጅ፣ ፊደል ለቃሚ፣ አራሚ፣ ፎርማን። እኔ አሥራ ሁለተኛን ስለጨረስኩና ዓይኔ ጥሩ ስለነበር በሦስተኛው ዓመት አራሚ ሆንኩ። አራሚ ማለት ቀይ እርሳስ ይዞ የሌላውን ሰው ስህተት የሚፈልግና የራሱን የማያገኝ ሰው ነው።

አብዮቱ ገና ሲጀምር አንድ ቀን የጂኦግራፊ መምህሩ ዘለቀ አሮጌ የግድግዳ ካርታ ጠቅልሎ መጣ። ጀርባው ላይ በእጁ የሣለው የጨዋታ ሰሌዳ ነበር። መንገዱ ከመቂ ይነሣል፣ ዓለም ጤናን ያልፋል፣ አዋሽን በድልድይ ይሻገራል፣ ሞጆ ላይ ይታጠፍና አዲስ አበባ ይገባል። ከጎን ደግሞ ከደራ ወደ ናዝሬት የሚመጣ ቀጭን መንገድ አለ። ተጫዋቾቹ ሽንኩርት ነጋዴዎች ናቸው። መኪናቸው የጠርሙስ ቆርኪ ነው።

ጋሽ በቀለ ሰሌዳውን አገላብጠው አዩት። «መምህር፣ ይሄ ቁማር ነው?»

«አይደለም ጋሼ። ቁማር ላይ ዕድል ነው የሚያሸንፈው። እዚህ የሚያሸንፈው ያሰበ ነው።»

«የሚያስብ ሰው ናዝሬት ውስጥ ስንት አለ ብለህ ነው የምታሳትመው?»

«ለጊዜው ሃምሳ ይበቃኛል» አለ መምህሩ።

ስሙ «መንገድ» ነበር። ደንቡ አንድ ገጽ ነው። ሽንኩርት ትጭናለህ፤ የጫንከው በሦስት ዙር ውስጥ ካልደረሰ ይበሰብሳል። ድልድዩ ላይ በአንድ ጊዜ አንድ መኪና ብቻ ይቆማል። ደላላ የሚባል ካርድ አለ፤ ባዶ መኪና የት እንዳለ ይነግርሃል፣ ሁለት ጆንያ ይወስድብሃል። ቸኩሎ የጫነ ድልድይ ላይ ይበሰብስበታል፤ ዘግይቶ የጫነ ገበያው ሞልቶ ይደርሳል። በቃ ይኸው ነው። ግን አንድ ሰው ሌላውን ዓይን ዓይኑን እያየ አንድ ሰዓት የሚቀመጠው በዚህ ነበር።

የደንቡን እርማት ይዤ ቤት ገባሁ። እናቴ መቂ ተወልዳ ያደገች ጴንጤ ናት፤ የቁማር ካርታ የሚባል ነገር ቤታችን አይገባም። ሰሌዳውን ስዘረጋ ከላይ ቆማ አየችኝ።

«ዕጣ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው እኔም ልቀመጥ።»

ሦስት ጊዜ ተጫወትን፤ ሦስቱንም አሸነፈችኝ። ድልድዩ ባዶ መሆኑን ሳታይ አንድም ጆንያ አልጫነችም። በጨዋታው መሀል ግን ከደንቡ አንድ ጉድለት አገኘሁ፤ ሁለት ሰው እኩል ሲደርስ ማን ቀድሞ እንደሚያራግፍ አይልም። ፊደሉ ንጹሕ ነበር፤ ዓይኔ ብቻ ቢያነበው ኖሮ አልፌው ነበር። ለመምህሩ ስነግረው ቀይ እርሳሴን ተቀብሎ እዚያው ቆሞ አንድ መስመር ጨመረ።

ሃምሳው በሁለት ሳምንት አለቀ። መናኸሪያ አካባቢ ሾፌሮች ሲጫወቱት በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱ እውነተኛ ሽንኩርት የጫነ መኪናውን አቁሞ የቆርኪውን ሽንኩርት ለማድረስ ሲሟሟት ነበር።

ከዚያ ማተሚያ ቤቱ ተወረሰ። በር ላይ ያለው ስም ተቀየረ እንጂ ማሽኖቹም ጋሽ በቀለም እዚያው ነበሩ። ነጋዴ የሚለው ቃል መጥፎ ስለሆነ መምህር ዘለቀ «ሁለተኛው መንገድ»ን ይዞ መጣ። ነጋዴዎቹ የገበሬ ማኅበራት ሆነዋል። ደላላው «አስተባባሪ» ተብሏል፤ አሁንም ሁለት ጆንያ ይወስዳል።

ጋሽ በቀለ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ስሙን ቀይረህ እጁን ተውክለት?» አሉት።

«ጋሼ፣ ስሙን መቀየር እችላለሁ። እጁን ግን እንዴት አድርጌ?»

ብዙ ሰው ተከታይ ሥራ ሲባል የመጀመሪያው ጥላ ነው ይላል። ይሄኛው አልነበረም። መምህሩ ሁለት ነገር ብቻ ጨመረ። አንዱ የአዋሽ ሙላት ነው፤ ካርዱ ሲወጣ ድልድዩ ለአንድ ዙር ይዘጋል። ሌላው ሁለት ተጫዋቾች አንድ መኪና በጋራ መጫን መቻላቸው ነው። አብረህ ከጫንክ ቶሎ ትሞላለህ፤ ግን ሞጆ ላይ ጓደኛህ የራሱን ብቻ አራግፎ ሊሄድ ይችላል። እናቴ በዚህኛው ሁለት ጊዜ ተሸነፈች፤ እኔን አምና ስለነበር ሦስት ቀን በቅጡ አላናገረችኝም። የወጣት ማኅበሩ፣ መምህራኑ፣ ሾፌሮቹ ሁሉም ተጫወቱት። አስተባባሪውን ግን ማንም አስተባባሪ ብሎ አልጠራውም።

ችግሩ ጨዋታው መወደዱ ነበር። በዚያ ዘመን ሰው የወደደው ነገር ኮሚቴ ሳይቋቋምለት አይቀርም።

ሰባት ሰዎች ተሰየሙ። ከሰባቱ ሽንኩርት ተክሎ የሚያውቅ አንድም የለም፤ ሽንኩርት ሲከተፍ የሚያለቅስ ግን አይጠፋም። ሰብሳቢው የቅስቀሳ ኃላፊው ጓድ ክፍሌ ነው። ጓድ ክፍሌ ጥቁር ቦርሳ ይይዛል፤ ማንም ሲከፍተው አይቶ አያውቅም። መምህር ዘለቀን በመጀመሪያው ስብሰባ ጠሩት፤ በሁለተኛው አልጠሩትም፤ በሦስተኛው ስሙን ከሽፋኑ አወጡት።

ስምንት ወር ከሠሩ በኋላ ጓድ ክፍሌ የ«ሦስተኛው መንገድ»ን ጽሑፍ አምጥቶ የጋሽ በቀለ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ሠላሳ ሁለት ገጽ ነው። ዘጠኙ መቅድም ነው።

«ይህ የቀድሞዎቹ ቀጣይ አይደለም» አለ። «የቀድሞዎቹ እርማት ነው።»

«ስንት ይታተም ጓድ?» አሉ ጋሽ በቀለ።

«አምስት ሺህ።»

ጋሽ በቀለ ጣሪያውን አዩና ጻፉ።

ሰሌዳው ከቀድሞው አራት እጥፍ ይሰፋል፤ እኛ ቤት ጠረጴዛ ላይ አልዘረጋ ብሎ ወለል ላይ አነጠፍነው። ቆርኪው ቀርቶ ከእንጨት የተጠረበ ቀይ ትራክተር ሆኗል። ትራክተር ሽንኩርት ጭኖ ከመቂ አዲስ አበባ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት የጠየቀ አልነበረም። ከየዙሩ በፊት ስብሰባ አለ፤ ሰብሳቢነቱ በተራ ነው። መንገድ መምረጥ ቀርቷል፤ መንገዱ በዕቅድ ካርድ ይመጣል። ሽንኩርት አይበሰብስም፤ መበስበስ «በዕቅድ ላይ የተሰነዘረ ጥርጣሬ ነው» ይላል መቅድሙ። ማንም አይሸነፍም። ሁሉም ሲደርስ ጨዋታው ያልቃል ይላል፤ ሁሉም እንዴት እንደሚደርስ ግን አይልም።

እናቴ ሦስት ስብሰባ ያህል ታግሣ ተቀመጠች። ከዚያ ትራክተሯን አንሥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችና «የኔንም አንቺው አድርሽልኝ፣ እኔ ልተኛ» አለች። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር።

ሳርመው ዘጠኝ ቦታ የሚጋጩ ደንቦች አገኘሁ። ከሁሉ የባሰው የድልድዩ ነው። ደንብ አሥራ ሰባት፣ ሁለት ትራክተር ድልድይ ላይ ሲገናኙ ቀድሞ ያለፈ ግለኛ ነውና ግለ ሂስ ያደርጋል ይላል። ደንብ ሃያ ሦስት፣ ድልድይ ላይ ደርሶ ያላለፈ ጉዞን አደናቃፊ ነውና ግለ ሂስ ያደርጋል ይላል። ስለዚህ ብታልፍም ባታልፍም ራስህን ትወቅሳለህ።

ለጋሽ በቀለ አሳየኋቸው። ሁለቱንም ደንብ ደግመው አነበቡ። በዚያን ጊዜ ፊደል ቀልድ አልነበረም። «ሰፊው ሕዝብ» የሚለው «ሰነፉ ሕዝብ» ሆኖ ቢወጣ ለቃሚው የት እንደሚገባ አይታወቅም።

«ለጓድ ክፍሌ በቃል እንዳትነግሪው» አሉኝ። «በወረቀት ጻፊው፣ ከጎኑ ለፊርማው ቦታ ተዪለት።»

ዘጠኙን ጥያቄ ጽፌ ቢሮው ሄድኩ። ጓድ ክፍሌ ሳይቀመጥ አነበበው።

«ጓዲት ጸዳለ፣ ሥራሽ ምንድን ነው?»

«አራሚ ነኝ።»

«የምታርሚው ፊደል ነው ወይስ ኮሚቴ?»

«ፊደል ነው ጓድ። ግን ሰዎች ሲጫወቱት ድልድዩ ላይ እንዳይቆሙ ብዬ ነው።»

«ንቃት ያለው ተጫዋች አይቆምም» አለና ከዘጠኙም ጎን «እንዳለ ይታተም» ብሎ ፈረመ። ልወጣ ስል አስቆመኝ። «ሦስቱንም ያረምሽው አንቺ ነሽ አይደል? ለምረቃው ቀን አዲሱ ከቀድሞዎቹ ያለውን ልዩነት በአንድ ገጽ ጽፈሽ አምጪ። እኔ አነበዋለሁ።»

ሁለት ቀን ወረቀቱ ላይ ተቀመጥኩ። አዲሱ ይበልጣል ብዬ ልጽፍ እሞክራለሁ፤ እጄ እምቢ ይላል። አዲሱ ቆሻሻ ነው ብዬ ለመጻፍ ደግሞ ሥራዬንም እናቴንም እወዳለሁ። የእናቴ ጸሎት ቤት ከተዘጋ ቆይቷል፤ እኛን ቤት የሚያንኳኳ ሰው አንፈልግም ነበር። በመጨረሻ ያየሁትን ብቻ፣ አንድም ቅጽል ሳልጨምር ጻፍኩ። ድፍረት ነው የሚሉኝ አሉ። አልነበረም። ውሸቱ አቃተኝ፣ እውነቱን ፈራሁ፤ በመካከል የተረፈኝ ያ ብቻ ነበር።

ጓድ ክፍሌ አነበበው። «ግልጽ ነው» አለ። «ማጋነን የለበትም። ጽሑፍ እንዲህ ነው።»

ምረቃው በወጣቶች አዳራሽ ቅዳሜ ጠዋት ሆነ። ወንበሩ ሞላ። ከመምህራን፣ ከሴቶች ማኅበር፣ ከማተሚያ ቤት ሰው ተጠርቷል። ከዓለም ጤና በኩል ደግሞ ኦቦ ገመዳ የሚባሉ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር በጭነት መኪና መጥተዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽበታም ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሽንኩርት ያመረቱ። በር ላይ ጋሽ በቀለን «አካም ጅርታ?» ብለው ሰላም አሉና ከፊት ተቀመጡ።

ጓድ ክፍሌ ወረቀቴን አውጥቶ በዚያ ወፍራም ድምፁ ማንበብ ጀመረ።

«በመጀመሪያው ጨዋታ ሽንኩርት በሦስት ዙር ይበሰብስ ነበር። በሁለተኛውም እንዲሁ። በአዲሱ ሽንኩርት አይበሰብስም። በቀድሞዎቹ ተጫዋቹ መንገድ ይመርጥ ነበር። በአዲሱ መንገዱ ተመርጦለታል። በቀድሞዎቹ አንድ ሰው ያሸንፍ ነበር። በአዲሱ ማንም አያሸንፍም። የቀድሞዎቹ በአንድ ሰዓት ያልቁ ነበር። አዲሱ በአንድ ሰዓት አያልቅም።»

ከኋላ አንድ ሰው አሳለ። ከዚያ ሌላ ሰው አሳለ። ከመምህራኑ ወንበር የሚመጣው ሳል እየበረታ ሄደ። ጓድ ክፍሌ ጭብጨባ የጠበቀበት ቦታ ላይ ቆመና ዙሪያውን አየ። የሴቶች ማኅበር ተወካዮች አፋቸውን በነጠላ ይዘው ነበር። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ከዚያ ማሳያ ጨዋታው ተጀመረ። ጓድ ክፍሌ፣ ኦቦ ገመዳና ሁለት ወጣቶች ትልቁ ሰሌዳ ዙሪያ ተቀመጡ። ስብሰባ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ። ስብሰባ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ። ኦቦ ገመዳ ትራክተራቸውን በሁለት ጣት ይዘው የታዘዙትን ያህል ያስኬዳሉ። በዘጠነኛው ዙር እጃቸውን አወጡ።

«ጓድ፣ አንድ ነገር አልገባኝም።»

«ይጠይቁ።»

«ይሄ ሽንኩርት ከተጫነ ዘጠኝ ዙር ሆነው። ፀሐይ ላይ ነው ያለው። አልበሰበሰም?»

«በአዲሱ አይበሰብስም።»

ኦቦ ገመዳ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዘሩን ከየት ነው የምናገኘው?»

ፊታቸው ላይ የሳቅ ምልክት አልነበረም። ከልባቸው ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። አዳራሹ ግን ሳሉን ተወና በግልጽ ሳቀ።

ጓድ ክፍሌ ጸጥታ አስከብሮ ቀጠለ። በሁለት ዙር ውስጥ የእሱ ትራክተርና የኦቦ ገመዳ ትራክተር ድልድዩ ላይ ተገናኙ። የዚያ ዙር ሰብሳቢ በተራው ኦቦ ገመዳ ነበሩ። ጓድ ክፍሌ ትራክተሩን ገፋ አድርጎ አለፈ።

አንደኛው ወጣት ደንቡን ገልጦ አነበበ። «ደንብ አሥራ ሰባት። ቀድሞ ያለፈ ግለ ሂስ ያደርጋል።»

ኦቦ ገመዳ ወደ ጓድ ክፍሌ ዞሩ። «ደንቡ ይላል ጓድ። ሰብሳቢ ስለሆንኩ ነው እንጂ እኔ ቅሬታ የለኝም።»

ጓድ ክፍሌ ተነሥቶ ግለ ሂሱን አደረገ። ቀድሞ ለማለፍ በማሰቡ ግለኝነት እንደታየበት ተናገረ። ትራክተሩን መልሶ ድልድዩ ላይ አቆመ። ወጣቱ ገጽ ገለጠ። «ደንብ ሃያ ሦስት። ያላለፈ ግለ ሂስ ያደርጋል።» ጓድ ክፍሌ እንደገና ተነሣ። አሁን ደግሞ ጉዞ በማደናቀፉ ራሱን ወቀሰ። ትራክተሩን እንደገና ገፍቶ ሦስተኛ ጊዜ ሊነሣ ሲል ኦቦ ገመዳ ቀስ ብለው ቆሙ።

«ጓድ፣ እኔ የመጣሁበት መኪና ሊመለስ ነው። የኔ ሽንኩርት ደጅ ተቆልሎ ነው የተውኩት፤ ያኛው ደግሞ የድሮው ዓይነት ነው።»

ተሰናብተው ወጡ። ጨዋታው እዚያው ድልድይ ላይ ቀረ።

ሰኞ ጠዋት ጓድ ክፍሌ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ማተሚያ ቤት ገባ። ማሽኖቹ ቆሙ። «ደንቡ ላይ ስህተት ገብቷል» አለ። «ይህ የማተሚያ ቤት አሻጥር ነው። የለቀመው ማነው? ያረመው ማነው?»

ጋሽ በቀለ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው መሳቢያ ከፈቱና ወረቀቱን አወጡ። ዘጠኝ ጥያቄ፣ ዘጠኝ «እንዳለ ይታተም»፣ ዘጠኝ ፊርማ። ሁለቱ ሰዎች አንገታቸውን አስግገው አዩ። ጓድ ክፍሌ ለረጅም ጊዜ የራሱን ፊርማ ተመለከተ።

«ይህ ወረቀት ለምን አልተጣለም?»

«ጓድ፣ እኛ የተፈረመ ወረቀት አንጥልም» አሉ ጋሽ በቀለ።

ወደ እኔ ዞረ። ንጽጽሬን ከኪሱ አወጣ። «በዚህስ ሰው አስቀሽብኛል።»

«ሐሰት የሆነው ቃል የትኛው ነው ጓድ? ላርመው» አልኩ።

ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «ቃሉ ሐሰት አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ሐሰቱ አስተሳሰቡ ነው።»

ማንም አልታሰረም፤ ፊርማው አዳነን። ሆኖም ቅጣት አልቀረም። ከእርማት ጠረጴዛ ተነሥቼ ጥረዛ ክፍል ገባሁ፤ አሥራ አራት ወር ወረቀት አጠፍኩ፣ ሰፋሁ። ጣቶቼ በመርፌ ወንፊት ሆኑ። ጋሽ በቀለ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ማስጠንቀቂያውን ያተምነው እኛው ነን፤ አንድ የፊደል ስህተት ነበረው፤ እሳቸው እንዳይታረም አዘዙ። መምህር ዘለቀ በሦስተኛው ጨዋታ አንዲት መስመር ሳይኖረው ደራ ወዳለ ትንሽ ትምህርት ቤት ተዛወረ። ምክንያቱን ጠይቆ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ባይሠራ ኖሮ ማነጻጸሪያ አይኖርም ነበር ተባለ።

ጓድ ክፍሌ አደገ፤ ሌላ ክፍለ ሀገር ሄደ። በሪፖርቱ አምስት ሺህ ጨዋታ ተሰራጭቷል ይላል። እውነት ነው፤ ከእኛ መጋዘን ወደ ወጣቶች አዳራሽ መጋዘን ተሰራጭቷል። ካርቶኑ ጥሩ ስለነበር ወጣቶቹ እያንዳንዱን ሰሌዳ ገልብጠው በንጹሑ ጀርባ ላይ ሁለተኛውን መንገድ በእስክሪብቶ ሣሉበት። ቀዩን ትራክተር ሽንኩርት ማስጫኛ አደረጉት። ኮሚቴው ለሕዝብ የሰጠው ጠቃሚ ነገር ቢኖር ያ ጀርባ ነው።

ጥረዛ ክፍል ሳለሁ አንድ እሑድ በአውቶቡስ ደራ ወረድኩ። መምህር ዘለቀ የመምህራን መኖሪያ በር ላይ ተቀምጦ የተማሪ ደብተር ያርም ነበር። ከስቷል። ሻይ አፈላልኝ፤ ስለ ምረቃው ቀን ሦስት ጊዜ አስነገረኝ፤ የኦቦ ገመዳ ጥያቄ ላይ ስደርስ በየጊዜው ዓይኑን ይጠርጋል። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«በእውነት ንገሪኝ ጸዳለ። እንደ አራሚ። ከሦስቱ የቱ ይሻላል?»

«ሁለተኛው» አልኩት።

ትንሽ ከፋው፤ የመጀመሪያውን ይወድ እንደነበር አውቃለሁ። «መጀመሪያው ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለውም። በመጀመሪያው ግን የምፈራው መንገዱን ብቻ ነበር። በሁለተኛው አብሮኝ የጫነውን ሰው መፍራትም ማመንም ነበረብኝ። እናቴ ሦስት ቀን ያኮረፈችኝ በሁለተኛው ነው።»

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛው ላይ ማንም ማንንም አላኮረፈም።»

ራሱን ነቀነቀና ደብተሮቹን ወደ ጎን አደረገ። የመልሱ አውቶቡስ እስኪመጣ ሁለተኛውን ሁለት ጊዜ ተጫወትን። አንዱን እሱ አሸነፈ፣ አንዱን እኔ።

ከአሥራ አራት ወር በኋላ ወደ እርማት ጠረጴዛ ተመለስኩ፤ ጡረታ እስክወጣም እዚያው ሠራሁ። አሁን ያሉት አራሚዎች የሚሠሩት በኮምፒውተር ነው፤ ፊደሉም አይገለበጥባቸውም። የጨዋታ ደንብ ቢመጣላቸው የምላቸው ይህ ነው። ስታርሙት አንብባችሁ ብቻ አትለፉት፤ ተቀምጣችሁ ተጫወቱት። ሽንኩርቱ የማይበሰብስ ከሆነ ለመድረስ የሚቸኩል ተጫዋች አይኖርም።